የጃክሰንቪል እሑድ በለንደን

በጥቅምት ወር በአንዱ እሑድ የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ጨዋታ፣ ሊያይ ለንደን ውስጥ ከዌምብሊ ፓርክ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ወደ ስታዲየሙ የሚወስደውን ሰፊ የእግረኛ መንገድ የያዘ ሰው፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ማሊያዎቹ ላይ ነው። ሜዳ የሚገቡት ቡድኖች ሁለት ናቸው፤ መንገዱን የሞላው ሕዝብ የለበሰው ግን የሊጉን የሠላሳ ሁለቱንም ቡድኖች ነው። የግሪን ቤይ አረንጓዴና ቢጫ፣ የፒትስበርግ ጥቁርና ወርቃማ፣ የማያሚ የባሕር ቀለም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከመታጠብ ብዛት የነጣ፣ መጫወት ካቆመ ሃያ ዓመት ያለፈው ሰው ስም በጀርባው የተጻፈበት ማሊያ ያደረገ ጎልማሳ፣ የሌላ ቡድን ማሊያ የለበሰ ልጁን እጅ ይዞ ያልፋል። አንዱ ሌላውን አይሰድብም፤ የሁለቱን ወገን ደጋፊ ለመለየትም አጥር አይዘረጋም።

እንግሊዝ ውስጥ በሌላ ጨዋታ ይህ አይታይም። አርሰናልና ቶተንሃም በሚገናኙበት ቀን የሊቨርፑል ማሊያ ለብሶ የሚመጣ የለም። የአሜሪካ እግር ኳስ በብሪታኒያ ይስፋፋ ወይስ ይብቃ በሚለው ክርክር ላይ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ይህ መንገድ ነው። የመጣው ሕዝብ የራሱ ቡድን የሌለው ሕዝብ አይደለም። እያንዳንዱ ቡድኑን ከመረጠ ቆይቷል።

ክርክሩ ሁለት ጉዳዮችን አደባልቆ ይዟል። አንደኛው በየዓመቱ ጥቂት ጨዋታዎችን ለንደን ማምጣት ነው። ሁለተኛው ቡድን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ ለንደን መትከል ነው። ብሔራዊው የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ፣ በአጭሩ ኤንኤፍኤል፣ የመጀመሪያውን እያደረገ ሁለተኛውን በየጊዜው ያነሣሣል። ከ2006 ጀምሮ ሊጉን የሚመሩት ሮጀር ጉዴል (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ2022 ለንደን ላይ ሲናገሩ ከተማዋ ሁለት ቡድን እንኳ መሸከም እንደምትችል ገልጸው ነበር። አሜሪካ ያለው ደጋፊ እንዲህ ያለውን ሲሰማ ቤቱ ሊሸጥ ዋጋ እየተጠየቀበት እንደሆነ ሰው ይደነግጣል። ድንጋጤውን ለመረዳት ግን ከስሜቱ በፊት ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ክለብ በሜዳው 19 ጨዋታ ያደርጋል። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ቡድን 41፣ የቤዝቦል ቡድን 81 ጊዜ በሜዳው ይጫወታል። የኤንኤፍኤል ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን በሜዳው የሚጫወተው ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ለንደን ሄደ ማለት የዓመቱ ትኬት ያለው ሰው ከስምንት ወይም ከዘጠኝ እሑዶቹ አንዱን አጣ ማለት ነው። እነዚያ እሑዶች ደግሞ ጨዋታ ብቻ አይደሉም። ከጠዋት ጀምሮ በስታዲየሙ የመኪና ማቆሚያ ሥጋ እየጠበሱ፣ አያት ከልጅ ልጅ ጋር ተቀምጦ የሚውልባቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ሲጠበቁ የከረሙ የቤተሰብ ቀኖች ናቸው። ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል። ቀኑ ግን አይመለስም።

ይህን ዋጋ ከማንም በላይ የከፈለችው የፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ናት። ጃክሰንቪል በሊጉ ካሉት ትንንሽ ገበያዎች አንዷ ናት። ቡድኗን ጃጓርስን ፓኪስታን ተወልደው አሜሪካ የከበሩት ሻሂድ ካን በ2012 መባቻ ገዙት። በ2013 ክረምት የለንደኑን ፉልሃም ጨመሩበት፤ በዚያው ዓመት ጃጓርስ በሜዳው ማድረግ ካለበት ጨዋታ አንዱን በየዓመቱ ዌምብሊ ላይ ማድረግ ጀመረ። የመጀመሪያውን በሳን ፍራንሲስኮ 42 ለ 10 ተሸነፈ። ከ2015 እስከ 2017 ግን ለንደን ላይ በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሸነፈ፤ የመጨረሻውን ባልቲሞርን 44 ለ 7 በመርታት። የጃክሰንቪል ደጋፊ ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ በቴሌቪዥን ተከታተለ።

በየካቲት 2020 ክለቡ በዚያ ዓመት ሁለት የሜዳ ጨዋታዎችን በተከታታይ ሳምንታት ዌምብሊ ላይ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ምክንያቱ ገቢ ነበር፤ ኃላፊዎቹም አልደበቁትም። ጃክሰንቪል ውስጥ ቁጣ ተቀሰቀሰ። ከስምንት ጨዋታ ሁለቱ ሲሄዱ ሩቡ ሄደ ማለት ነውና ቁጣው ተገቢ ነበር። ያን ዓመት ዕቅዱን ያስቀረው ወረርሽኙ ነው። ቡድኑ በ2023 እና በ2024 ሁለት ሁለት ጊዜ ለንደን ላይ ተጫውቷል፤ በእነዚህ ዓመታት ግን ሁለቱም የተቀነሱት ከጃክሰንቪል አልነበረም፤ አንደኛው የተጋጣሚው የሜዳ ጨዋታ ነበር።

ካን በ2018 ዌምብሊ ስታዲየምን ራሱን በ600 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዙ ጠይቀው ነበር። ያኔ ያልጠረጠረ ሰው ጥቂት ነው፤ ቡድን ያለው ሰው ስታዲየም ሲገዛ ምን ሊያደርግበት ነው? በጥቅምት ወር ሐሳቡ እንግሊዝ ውስጥ ሰውን ለሁለት መክፈሉን አይተው ጥያቄያቸውን አነሡ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለክርክሩ ወሳኝ ይመስለኛል። በሰኔ 2024 የጃክሰንቪል ከተማ ምክር ቤት ለ1.4 ቢሊዮን ዶላሩ የስታዲየም እድሳት ከከተማዋ ካዝና 775 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ አጸደቀ። ቡድኑም ለ30 ዓመት ለመቆየት ፈረመ። ለንደን ለነዋሪው ስጋት ሆና በኖረችበት በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ከድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ማንም ሳይጠራት ተቀምጣ ነበር። ቡድኑ ሊሄድ ይችላል የሚል ፍርሃት ያለበት ከተማ እጁን ወደ ኪሱ ለመስደድ ይፈጥናል።

ፍርሃቱ ደግሞ ከባዶ የመጣ አይደለም። በመጋቢት 1984 መገባደጃ በአንድ ብርዳማ ሌሊት የጭነት መኪናዎች ባልቲሞር ወደሚገኘው የኮልትስ ልምምድ ማዕከል ገብተው የቡድኑን ዕቃ ጫኑ። ሲነጋ ኮልትስ የኢንዲያናፖሊስ ቡድን ሆኖ ነበር። በ1995 የክሊቭላንዱ ብራውንስ ወደዚያችው ባልቲሞር እንደሚዛወር ተነገረ፤ ደጋፊው ታግሎ የቡድኑን ስምና ታሪክ ለከተማው አስቀረ፤ አዲስ ብራውንስም በ1999 ተቋቋመ። ራምስ በ2016 ሴንት ሉዊስን፣ ቻርጀርስ በ2017 ሳን ዲዬጎን፣ ሬይደርስ በ2020 ኦክላንድን ጥለው ሄደዋል። ሴንት ሉዊስ ሊጉንና የቡድኑን ባለቤት ከስሳ በ2021 በ790 ሚሊዮን ዶላር ታረቀች። ገንዘቡ ተከፈለ እንጂ ቡድኑ አልተመለሰም። ይህን ያየ ደጋፊ «ለንደን የሚሄደው ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነው» ሲባል ባያምን ሊፈረድበት አይገባም።

በሌላኛው ጫፍ ያለችው ግሪን ቤይ ናት። ዊስኮንሲን ውስጥ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ከአንድ መቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ከተማ። ቡድኗ ፓከርስ ባለጠጋ ባለቤት የለውም፤ አክሲዮኑን የያዙት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ትርፍ አይከፈላቸውም፤ ያላቸው የባለቤትነት ክብር ነው። ፓከርስ ለንደን ላይ ሳይጫወት ለዓመታት ኖሯል፤ ከሜዳው ጨዋታ አንዱን ለመልቀቅ ፈቃደኛ አልነበረምና። በ2021 ሊጉ የጨዋታውን ቁጥር ከ16 ወደ 17 ሲያሳድግ ግማሾቹ ቡድኖች በየተራ ዘጠነኛ የሜዳ ጨዋታ አገኙ። ፓከርስ በጥቅምት 2022 ቶተንሃም ስታዲየም ሲመጣ ይዞ የመጣው ይህን ትርፍ ጨዋታ ነበር፤ የግሪን ቤይ ሕዝብ ስምንቱ እሑዶቹ አልተነኩበትም። ከሠላሳ ሁለቱ ቡድኖች ለንደን ላይ ለመጫወት የመጨረሻው እሱ ነበር። ደጋፊ ባለቤት በሆነበት ቦታ መልሱ እንዲህ ሆኖ መገኘቱን እንደ አጋጣሚ አላየውም። ደጋፊን ሳይቀሙ ጨዋታን ባሕር ማሻገር እንደሚቻል የሚያሳይ ሥርዓት ነውና ሁሉም ቡድን ሊከተለው ይገባ ነበር እላለሁ።

ብሪታኒያ ከዚህ ጨዋታ ጋር የተዋወቀችው ትናንት አይደለም። ቻናል ፎር የተባለው ጣቢያ በ1982 መጨረሻ ሥራ ሲጀምር የኤንኤፍኤል ጨዋታዎችን ማሳየት ያዘ። በ1986 ቺካጎ ቤርስና ዳላስ ካውቦይስ ለዝግጅት ብቻ ሲጫወቱ ዌምብሊ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ሞላበት። ሊጉ ይህን አይቶ በ1991 ከአሜሪካ ቡድኖች ጋር የአውሮፓ ከተሞችም የሚሳተፉበትን የራሱን ሁለተኛ ውድድር ጀመረ፤ ለንደን ሞናርክስም የመጀመሪያውን ዋንጫ ዌምብሊ ላይ ከ61 ሺህ ሰው ፊት ባርሴሎናን 21 ለ 0 አሸንፎ ወሰደ። ደስታው ግን አልዘለቀም። ቡድኑ በ1995 ወደ ቶተንሃሙ አሮጌ ሜዳ፣ ወደ ኋይት ሃርት ሌን፣ ተዛወረ። ያ ሜዳ ለአሜሪካ እግር ኳስ የሚያጥር ስለነበር ጫፉ ተቆርጦ ነበር የሚጫወቱት። ተመልካቹ ሳሳ፤ በ1998 ቡድኑ ከሰመ። ውድድሩ ራሱ በሰኔ 2007 ሲዘጋ ከስድስቱ ቡድኖች አምስቱ ጀርመን ነበሩ።

ለንደን ስሟን የያዘ ቡድን ነበራት፤ አላቆየችውም። ሰዎቹ ጨዋታውን ስለጠሉ አልነበረም፤ ሜዳ ላይ ያለው ሁለተኛ ደረጃ መሆኑን አውቀው ነው። ያንኑ ዓመት ማስረጃው መጣ። ውድድሩ ከተዘጋ ከአራት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2007፣ ኒውዮርክ ጃያንትስና ማያሚ ዶልፊንስ ነጥብ ያለውን እውነተኛ ጨዋታ ዌምብሊ ላይ አደረጉ። ዝናብ ወረደ፤ ሣሩ ከሥሩ ተነቀለ፤ ተጫዋቾቹ ጭቃ በጭቃ ሆኑ፤ ጨዋታው በጃያንትስ 13 ለ 10 አሸናፊነት አለቀ። ያን የሚያንሸራትት፣ ውበት የሌለው ጨዋታ ከ81 ሺህ በላይ ሰው እስከ መጨረሻው ተመለከተው።

አንድ ወር ሳይሞላ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በዚያው ሜዳ ከክሮሺያ ጋር ተጋጥሞ 3 ለ 2 ተሸነፈና ከ2008ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ቀረ። በዚያ ሰሞን የሜዳው ሁኔታ ብዙ አነጋግሯል። ለሽንፈቱ ተጠያቂው ሣሩ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ሁለት ስፖርቶች አንድ ሣር ሲጋሩ ባለቤቱ የሚቸገርበትን ጉዳይ ያ ወር ግልጽ አደረገው።

መልሱ የተሠራው ቶተንሃም ነው። በ2019 በዚያው በኋይት ሃርት ሌን ቦታ ላይ የተከፈተው ስታዲየም ሁለት ሜዳ አለው። ከላይ የሚታየው የእግር ኳሱ ሣር በሦስት ተከፍሎ ከደቡቡ መቀመጫ ሥር ገብቶ ይደበቃል፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከሥሩ ለአሜሪካኖቹ የተነጠፈው ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ብቅ ይላል። የመልበሻ ክፍሎቹም ለየብቻ ናቸው፤ 53 ተጫዋች የያዘ ቡድን ለ11 ተጫዋች በታሰበ ክፍል አይበቃውምና። ቡድን ለንደን ሊተከል ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ይህን ሕንፃ እየጠቆሙ «ማንም ለእንግዳ ይህን ያህል ቤት አይሠራም» ይላሉ።

ቤት ተሠራ ማለት ግን ኑሮው ተመቸ ማለት አይደለም። ለንደን ከኒውዮርክ በአምስት ሰዓት፣ ከሎስ አንጀለስ በስምንት ሰዓት ትቀድማለች። በአሁኑ ሥርዓት የለንደኑ ጨዋታ የሚጀምረው በኒውዮርክና በዋሽንግተን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በካሊፎርኒያ ገና 12 ሰዓት ተኩል ነው። በጥቅምት 2016 የዋሽንግተን ቡድን ዌምብሊ ላይ ከሲንሲናቲ ጋር 27 ለ 27 ሲለያይ፣ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ የሚኖረው የእኛ ሰው ጨዋታውን የሚያገኘው በቅዳሴ ሰዓት ነበር። በዓመት አንዴ ሲሆን ይታለፋል። ቋሚ ቡድን ግን ለግማሹ ጨዋታ ውቅያኖስ ይሻገራል፤ የምዕራቡ ዳርቻ ቡድኖች ደግሞ ለአንድ ጨዋታ አሥር አሥራ አንድ ሰዓት ይበርራሉ።

ከጉዞው የሚከብደው የሥራ ውሉ ነው። በዚህ ሊግ ወጣት ተጫዋች ክለቡን አይመርጥም፤ ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ድራፍት በሚባለው ምርጫ ክለቡ እሱን ይመርጠዋል። የ22 ዓመት ልጅ ሳይጠየቅ ለንደን ኑር ሊባል ነው። ክለቦች ለደመወዝ የሚያወጡት ጣሪያ እኩል ነው፤ ታክሱ ግን እኩል አይደለም። ፍሎሪዳ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር የላትም፤ የብሪታኒያ ከፍተኛው የገቢ ግብር 45 በመቶ ነው። ማንም የተሻለ ምርጫ ያለው ተጫዋች ለምን ለንደንን ይመርጣል? መልስ እስካልተገኘለት ድረስ የለንደኑ ቡድን ዘወትር ሌሎች የተዉትን የሚሰበስብ ቡድን ይሆናል። ሞናርክስ በምን እንደከሰመ ደግሞ አይተናል።

አሁን ወደ እንግሊዛዊው ደጋፊ እንመለስ፤ ስለ እሱ ብዙ ይወራል፣ እሱ ግን ብዙ አይጠየቅም። እንግሊዝ ቡድን ማዛወርን የማትረሳበት ምክንያት አላት። በ2002 ዊምብልደን የተባለው የለንደን ክለብ ወደ ሚልተን ኪንስ እንዲዛወር ሲፈቀድለት ደጋፊዎቹ ኤኤፍሲ ዊምብልደንን ከባዶ መሠረቱ፤ ከታችኛው እርከን ጀምረው በ2011 ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ደረሱ። በየካቲት 2008 ደግሞ ፕሪሚየር ሊጉ እያንዳንዱ ክለብ ከ38ቱ በላይ አንድ ጨዋታ በውጭ አገር እንዲጫወት ሐሳብ ሲያቀርብ ተቃውሞው ስለበረታ ዕቅዱ ተቀበረ። ጃያንትስና ዶልፊንስ ዌምብሊን ከሞሉ አራት ወር አልሞላውም ነበር። የሌላውን ሰው የሜዳ ጨዋታ በደስታ የተቀበለች አገር የራሷን አሳልፋ አልሰጠችም። ስፔንም በ2025 ያንኑ አሳየች። ቪያሪያልና ባርሴሎና ማያሚ ላይ ሊጫወቱ ታቅዶ ሳለ፣ በጥቅምት ወር የሊጉ ተጫዋቾች ጨዋታ ሲጀመር ለ15 ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ ቆመው ተቃወሙ፤ ዕቅዱም ተሰረዘ።

ይህን ሳነብ የሚታየኝ የአገራችን ደጋፊ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር፣ ቅዳሜ ማታ በዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ተሻምቶ አርሰናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን የሚያይ ሰው፣ ክለቡን ለሠላሳ ዓመት ወድዶ አንድ ቀን እንኳ በአካል ያላየ ሰው። አርሰናል አንድ ጨዋታ አዲስ አበባ ቢያደርግ እንባው ይመጣል። አርሰናል ከነስሙ ነቅሎ አዲስ አበባ ይኑር ቢባል ግን መጀመሪያ የሚቃወመው እሱ ይመስለኛል። የሚወደው አርሰናል ሰሜን ለንደን ያለው ነው፤ ከዚያ ከተነሣ የሚወደው ነገር የለም። የሩቅ ደጋፊ ፍቅሩ ከቅርቡ አያንስም፤ ነገር ግን የሚወደው ነገር ቆሞ የሚገኘው በቅርቡ ደጋፊ ትከሻ ላይ ነው። በዌምብሊ መንገድ ላይ የግሪን ቤይን ማሊያ ለብሶ የሚሄደውም ሰው እንደዚሁ ነው። ለእሱ «የለንደን ቡድን» ቢሰጡት ሠላሳ ሦስተኛ ቡድን ሰጡት እንጂ የልቡን አላደረሱለትም።

ስለዚህ ጨዋታ ይምጣ፣ ቡድን ይቅር የሚሉት ወገን ነኝ። ጨዋታው ሲመጣም ከማን ተቀንሶ እንደመጣ መጠየቅ አለበት። በ2025 ከአሜሪካ ውጭ ሰባት ጨዋታዎች ተደርገዋል፤ ሦስቱ ለንደን ነበሩ። ጉዴል ይህን ወደ 16 ማሳደግ ይፈልጋሉ፤ 16 ጨዋታ ሲሆን ሠላሳ ሁለቱም ቡድኖች በዓመት አንዴ ባሕር ይሻገራሉ ማለት ነው። ሐሳቡ የሚያያዘው ለእያንዳንዱ ቡድን 18ኛ ጨዋታ ከመጨመር ጋር ነው። የደጋፊው እሑድ ሳይነካ ጨዋታ ለመጨመር ከተፈለገ የሚከፈለው በተጫዋቹ ጉልበትና አንገት ነው፤ የተጫዋቾቹ ማኅበር ሳይስማማም ሊሆን አይችልም። ይህን ደጋፊዎች በክርክራቸው ውስጥ ሲያነሡት ብዙም አልሰማሁም፤ ሊያነሡት ይገባል።

ሊጉ በብሪታኒያ ያለውን ገንዘብ የሚያውልበት ሌላ ቦታም አለ። ላፍበራ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ወጣቶችን ትምህርትና ጨዋታ አጣምሮ የሚያስተምር አካዳሚ አለው። ብሪታኒያ ተጫዋች ማፍራት ጀምራለች፤ ስሙ ለእኛ ጆሮ ቅርብ የሆነው የማንቸስተሩ ምኒልክ ዋትሰን በ2013 በሁለተኛው ዙር ድራፍት ተመርጦ ለኦክላንድ ተጫውቷል። ከሁሉም የማልረሳው ኤፌ ኦባዳን ነው። ናይጄሪያ ተወልዶ በልጅነቱ ለንደን የመጣ፣ አሳዳጊ ያጣ ልጅ ነበር። በመጋዘን እየሠራ ለንደን ዋርየርስ በተባለ አማተር ክለብ አምስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ዳላስ አስፈረመው፤ ከዚያ ከቡድን ቡድን ሲንከራተት ቆይቶ በ2018 በካሮላይና ፓንተርስ ዋና ቡድን ውስጥ ቦታ አገኘ። ጥቅምት 13 ቀን 2019 ፓንተርስ ቶተንሃም ላይ ከታምፓ ቤይ ጋር ሲጫወት ኦባዳ የዕለቱ አምበል ሆኖ ተሰየመ። ሳንቲም ወደሚጣልበት የሜዳው መሐል የካሮላይናን ማሊያ ለብሶ ሲሄድ፣ የሠላሳ ሁለቱን ቡድን ማሊያ የለበሰው ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበለት።